ማንኪያ የገባበት ውስኪ

ሥራ ካቆምኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ቢሆንም ሸሕዲ ላይ ሆቴል የሚከፍት ሰው ሁሉ ቤቴ ይመጣና «ጋሽ ታደለ፣ ለውስኪ የትኛውን ብርጭቆ ልግዛ?» ይለኛል። ወንበር ሰጥቼ የማውቀውን እነግረዋለሁ። ስጨርስ ያልጠየቀኝን አንድ ነገር እጨምርለታለሁ፤ ብዙዎቹ ያን ጊዜ ስልካቸውን ማየት ይጀምራሉ። ስለዚህ ሁሉንም እዚህ ጻፍኩት። የቸኮለ ሰው ሲመቸው ያንብበው። ልጆቼም ያንብቡት። አንዷ ነገሩን ከእኔው አፍ ሰምታዋለች፤ ሌሎቹ ግን ከሰው ነው የሰሙት፤ ከሰው የተሰማ ነገር ደግሞ ወይ ይጨመርበታል ወይ ይቀነስለታል።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ንባብ ከጠርሙስ ወረቀት፣ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ደንበኛ ረስቶት ከሄደ መጽሐፍ ለቃቅሜ ነው ያገኘሁት። ወደ ቆላ የወረድኩት እንደ ሰው ሁሉ ሰሊጥ ላጭድ ነበር። ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ወባ ጣለኝ። ጓደኞቼ ሸሕዲ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ አስተኝተውኝ ወደ እርሻው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን አንድ ረዥም ሰው ከአጠገቤ ቆሞ አየሁ።

«መቆም ትችላለህ?» አለኝ።

«እችላለሁ።»

«እንግዲያስ ቁምና ብርጭቆ እጠብ። እዚህ የተኛ ሰው ለደንበኛ ጥሩ መልክ አይደለም።»

አያ ይመር ይባላል። የወሎ ሰው ነው፤ የሆቴሉ ባርማን። ዕድሜውን ሁሉ መጠጥ ሲቀዳ የኖረ፣ አንድም ቀን ግን ያልቀመሰ ሰው ነበር። «ሳትቀምሰው ጥሩ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» ሲሉት «ከጠጪው ፊት አነበዋለሁ» ይላል። ደመወዜ ትንሽ ነበር፤ ስለ ደመወዙ የምጽፈው ይኸው ነው። ትምህርቴ ግን ብዙ ነበር።

አያ ይመር በየማለዳው በሩ ከመከፈቱ በፊት የቤቱን ወንበሮች በሙሉ አንድ በአንድ እየዞረ ይቀመጥባቸው ነበር። እያንዳንዱ ላይ ጥቂት ይቆይና ዙሪያውን ያያል። መጀመሪያ ያደክመው መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቀው «እዚህ የሚቀመጠው ሰው ምን እንደሚያይ ማወቅ አለብኝ» አለኝ። «የቆሸሸ መደርደሪያ ያያል? ፀሐይ ዓይኑን ይወጋዋል? ጓደኛው ምን እንደያዘ ያያል? ባርማን ከባንኮኒው ጀርባ ብቻ ከቆመ ግማሹን ቤት አያውቀውም።»

የሸሕዲ የጉድጓድ ውሃ ሲደርቅ ብርጭቆ ላይ ነጭ ነገር ይተዋል። አያ ይመር የውስኪ ብርጭቆ በሞቀ ውሃና በሎሚ ልጣጭ ካልታጠበ አይቀበልም። ከቢራው ብርጭቆ ጋር በአንድ ገንዳ አያስገባውም። በአሮጌ የነጠላ ቁራጭ ያደርቀዋል እንጂ በፎጣ አይነካውም፤ ፎጣ ክር ይተዋል። ደርቆም በአፉ አይደፋውም፤ የተደፋ ብርጭቆ የመደርደሪያውን ሽታ አምቆ ይይዛል ብሎ ያምናል፤ ሞክሬዋለሁ፣ እውነት ነው። በመጨረሻ ወደ በሩ ብርሃን ያነሳዋል። ጠርዙን በጣቱ ጫፍ ይዞረዋል። የተሸረፈ ካገኘ አይጥለውም፤ ለባለቤቱ ያሳይና ፊቱ ይሰብረዋል፤ ካልተሰበረ አንድ ቀን ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል ይላል።

አሁን ስለ ቅርጹ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አንድ የሰሊጥ ገዢ ከአዲስ አበባ ስድስት ብርጭቆ በስጦታ አመጣለት። ሆዳቸው ሰፋ፣ አፋቸው ጠበብ ያለ፣ አጭር እግር ያላቸው ናቸው። «ውስኪ በዚህ ነው የሚጠጣ፤ ሽታውን ሰብስቦ ይይዝልሃል» አለው ሰውዬው። አያ ይመር አመሰገነና በቀትር ፀሐይ በረንዳው ላይ ቀድቶ አቀረበለት። ሰውዬው አፍንጫውን ወደ ብርጭቆው ሲያስጠጋ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ሳል ያዘው።

«ብርጭቆው አልዋሸህም» አለው አያ ይመር። «ጎንደር ከተማ ቢሆን ደግ ብርጭቆ ነው። ቀዝቃዛ አገር ውስኪው ቀስ ብሎ ነው ሽታውን የሚሰጥ። እዚህ ግን ሙቀቱ አልኮሉን ባንድ ጊዜ ያስነሳዋል፤ አፉ የጠበበ ከሆነ መውጫ አጥቶ ይጠብቅህና አፍንጫህን ይመታሃል።»

ለቆላ የሚሆነው አጭር፣ አፉ ሰፊ፣ ታቹ ወፍራም የሆነው ነው። ታቹ መወፈሩ ለጌጥ አይደለም፤ የእጅ ሙቀት ወደ ውስኪው እንዳይደርስ ነው። ከማቅረባችሁ በፊት ብርጭቆውን ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ፣ በውሃ በራሰ ንጹሕ ጆንያ ሸፍናችሁ አቆዩት። ከጉድጓድ ውሃ የተሠራ በረዶ ከመጨመር ይህ ይሻላል፤ የዚያ በረዶ ጨው ይቀመሳል። ረዥሙን ብርጭቆ በሶዳ ለሚጠጣ ሰው ስጡ። መለኪያዋን ለመለካት ብቻ ተጠቀሙባት፤ በመለኪያ የሚጠጣ ሰው ለመጠጣት አይደለም የመጣው፣ ለመስከር ነው።

ዋናው ምክንያት ግን ከዚህ ሁሉ ሌላ ነው። በአጭሩና ሰፊው ብርጭቆ አንድ መለኪያ ውስኪ ከታች አንድ ጣት ያህል ይሆናል። ሁለት ሲሆን ሁለት ጣት ነው። አያ ይመር ሲያቀርብ ብርጭቆውን ጠጪው ፊት ብቻ አያስቀምጠውም፤ በጠጪውና አብሮት ባለው ሰው መካከል ያስቀምጠዋል። «ቀጂው ሊያየው ይገባል፤ ጠጪው ሊያየው ይገባል፤ አብሮት ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰው ሊያየው ይገባል። ሦስቱ የማያዩት ብርጭቆ ለውስኪ አይሆንም» ይላል።

ባለቤቱ መተማ ዮሐንስ ሌላ ሆቴል ሲከፍት ሁለታችንንም እዚያ አዛወረን። ከድንበሩ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት በእግር የሚሻገሩ ደንበኞች ነበሩን፤ ነጋዴም ሹፌርም። ከእነሱ አንዳንዱ ዘመድ እንዳያየው ይፈራል። አንድ ቀን አንዱ ጀለቢያውን ሰብስቦ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለና «በሻይ ብርጭቆ አድርግልኝ፣ ማንኪያም ጣልበት። ከመንገድ የሚያየኝ ሻይ ይመስለዋል» አለ። እኔ የሻይ ብርጭቆ ለማንሳት እጄን ዘረጋሁ። አያ ይመር እጄን ያዘኝ። ሰውዬውን በአክብሮት መጋረጃ ወዳለው የጓሮ ክፍል ወሰደውና ውስኪውን በውስኪ ብርጭቆ አቀረበለት።

ሲመለስ «ሰው መደበቅ ከፈለገ ክፍል ስጠው» አለኝ። «ብርጭቆውን ግን አትደብቅ።»

ምክንያቱን አልጠየቅሁትም። ባለመጠየቄ ሰው ሞተ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአያ ይመር ዓይን ደከመ። በጠርሙስና በብርጭቆ መካከል ያለውን ርቀት ሲስት ራሱ አወቀው። ያን ቀን የነጠላውን ቁራጭ አጥፎ እጄ ላይ አኖረና በሳምንቱ ወደ ወሎ ሄደ። እኔ አንድ የአጨዳ ወቅት አብርሃ ጅራ ከተማ ሠራሁ። እዚያ የነበረው አለቃዬ ውስኪን በፕላስቲክ ኩባያ የሚያቀርብ ሰው ነበር፤ ለምን ስለው «ብርጭቆ ሲጣሉ ይፈነካከቱበታል» አለኝ። ትክክል ነበር፤ ቢሆንም አልተስማማኝም። ወቅቱ ሲያልቅ ሸሕዲ ተመልሼ ወይዘሮ አስካለ የምትባል ሴት ሆቴል ውስጥ ዋና ባርማን ሆኜ ገባሁ። እስከ መጨረሻው የሠራሁት እዚያ ነው።

ወይዘሮ አስካለ መጥፎ ሰው አልነበረችም። እሷን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። በእሷም ቤት መጋረጃ ያለው የጓሮ ክፍል ነበረን። ወዲያ ማዶ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ ሰው በብዛት ተሻገረ፤ አልጋ ጠፋ። ክፍሉን መኝታ አደረገችው። መደበቂያ የሚፈልጉት ደንበኞቼ ግን አልቀሩም። በተለይ ሹፌሮች። ሆቴላችን መንገድ ዳር ነው፤ ፊት ለፊቱ የደላሎችና የመኪና ባለቤቶች መቀመጫ ነው። ሹፌር መለኪያ ሲያነሳ ከታየ በማግስቱ ሥራ የለውም። ስለዚህ ወይ አይጠጡም፣ ወይ ሌላ ቤት ይሄዳሉ።

«ጋሽ ታደለ፣ አንድ መላ ፈልግ እንጂ!» አለችኝ ወይዘሮ አስካለ።

መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። የሻይ ብርጭቆ አነሳሁ። እንዲያውም ተራቀቅሁበት። ግልጹን ብርጭቆ ትቼ ወፈር ያለውን መረጥኩ፤ የውስኪው ቀለም በእሱ ውስጥ ልክ የሻይ ይመስላል። ከሥሩ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ስኳር፣ ውስጡ ማንኪያ። ከመንገድ ማዶ ሄጄ አየሁት፤ ሻይ ነው። አያ ይመር ወንበር ላይ እየተቀመጠ ያስተማረኝን ዓይን ለዚህ ተጠቀምኩበት። ኮርቼም ነበር፤ አልደብቅም።

አንድ ነገር ግን አለ። ሻይ ጎዶሎ አይቀርብም። የሻይ ብርጭቆ ታቹ ላይ አንድ ጣት ቡናማ ነገር ይዞ ቢቀርብ ማንም ሻይ አይለውም። ሻይ እንዲመስል መሙላት አለበት። እኔም እሞላው ነበር። ሹፌሮቹ «አንድ» ይላሉ፣ እኔም «አንድ» እላለሁ፤ ክፍያው በመለኪያ ልክ ስለሆነ ባለቤቷ ደስ ይላታል። ጠጪው በልቡ የሚቆጥረው ግን ብርጭቆ ነው። «ሁለት ብቻ ነው የጠጣሁት» ብሎ መሪ ይይዛል። ሲናገር ውሸቱን አይደለም።

ጌታሁን የሚባል ሹፌር ነበረን። ሳቂታ፣ ለሰው የሚያዝን፣ መንገድ ላይ የቆመ ሰው አይቶ የማያልፍ። ከበሩ ሲገባ «ጋሽ ታደለ፣ ማንኪያዋን አደራ!» ይላል። አንድ ቀን በቀትር መጣ። የጭነት መኪናውን ከፊታችን ዛፍ ሥር አቆመ። ላዩ ላይ ከጎጃም የመጡ የቀን ሠራተኞች ጭኗል፤ ወደ ሰሊጥ እርሻ ሊወስዳቸው ነው። መኪናው ከጋራዥ መውጣቱ ነበር፤ ጠዋት ኢድሪስ የሚባለው መካኒክ የፍሬኑን ሸራ ቀይሮለታል። ጌታሁን ራሱ ነው የነገረኝ። «ኢድሪስ እንደ አዲስ አድርጎልኛል፣ መንካት ብቻ ነው፣ ቀጥ!» አለና እጁን አጨበጨበ።

አንድ ብርጭቆ ሰጠሁት። ደገመ። ሠራተኞቹ ከዛፉ ጥላ ሆነው ያዩታል። የእነሱ ካቦ አበጀ የሚባል ጎልማሳ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ ደሳለኝም አብሮት ነበር። አበጀ ውሃ ሊጠይቅ ገባና ጆግ ስሞላለት ቀስ ብሎ ወደ ጌታሁን ጠረጴዛ አየ።

«ጋሼ፣ ሹፌራችን የሚጠጡት ምንድን ነው?»

«ሻይ ነው» አልኩት።

«ስኳሩን እኮ አልነኩትም። ስኳር የማይጨምር ሹፌር አይቼ አላውቅም!» አለና ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። «ስኳር በሽታ አለበት» አልኩት።

«እግዜር ይማራቸው» አለ። ጆጉን ይዞ ወጣ። ወንድሙን መጀመሪያ አጠጣው።

በዚያች አፍታ ሌላ ቃል መናገር እችል ነበር። «አብራችሁት አትሂዱ» ማለት እችል ነበር። ባይሆን «ትንሽ ይረፍ፣ ፀሐይ ትብረድ» ማለት እችል ነበር። ጌታሁን ሲነሳ እግሩ አልተሳሰረም፤ ምላሱ አልተያያዘም። ሁለት ብርጭቆ ብቻ ነው አልኩ ለራሴ። የሞላሁት እኔ ሆኜ ሳለ እኔም እንደ እሱ ብርጭቆ ቆጠርኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወሬው ደረሰ። ወደ እርሻዎቹ በሚገባው የጠጠር መንገድ፣ ከድልድዩ በፊት ባለው ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጧል። ሦስት ሠራተኞች እዚያው ሞቱ። አንዱ ደሳለኝ ነው። ጌታሁንን ጤና ጣቢያ አድርሰውት ነበር፤ ወደ ጎንደር ሲወስዱት መንገድ ላይ አረፈ።

ሴት ልጄ ስመኝ በዚያ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ማምሻውን ቤት ስትገባ ልብሷ ላይ ደም ነበረ። ሳትቀመጥ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ሹፌሩ ከእናንተ ቤት ነው የወጣው ይላሉ። ምን ጠጥቶ ነበር?»

«ሻይ» አልኳት።

«አፉ ጋ ጎንበስ ስል የሆነ ነገር ሸተተኝ። ካርዱን ገና አልጨረስኩትም፤ ነገ ነው የምሞላው።»

«ያን ሁሉ መድኃኒት፣ ያን ሁሉ አልኮል በዚያ ክፍል ውስጥ ይዛችሁ ምን የማይሸት አለ?» አልኳት። ቆጣ ብዬ ነው የተናገርኩት። ልጆቼን ሲዋሹ የምገርፍ አባት ነበርኩ። ስመኝ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ሁለት ብስኩት በልታ አንድ ነው በማለቷ አለንጋ አንስቼባታለሁ። ስለዚህ ስትጠራጠር የተጠራጠረችው እኔን አይደለም፤ ራሷን ነው።

ፖሊስ ሆቴሉ መጥቶ ቃሌን ተቀበለ። ወይዘሮ አስካለ አጠገቤ ቆማ ትሰማ ነበር። እኔ «ሁለት ሻይ ጠጥቶ ሄደ» ብዬ ፈረምኩ። አበጀም የወንድሙን ሬሳ ከመሸኘቱ በፊት ቃሉን ሰጠ። «ሰውየው መጠጥ አልቀመሰም። ስኳር በሽተኛ ነው፤ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ባርማኑንም ጠይቄያለሁ» አለ። የእኔን ውሸት እውነት ነው ብሎ በወንድሙ ደም ማለ።

ሹፌሩ ካልጠጣ ጥፋቱ የፍሬን ነው። ፍሬኑን ደግሞ በዚያው ጠዋት የነካው ኢድሪስ ነው። ኢድሪስን ከጋራዡ አስረው ወሰዱት።

ኢድሪስ አባት ከሆነ ገና ዓመት ያልሞላው፣ መጠጥ የሚሸጥበት ቤት ደጃፍ እንኳ ረግጦ የማያውቅ ሰው ነው። ከሥራ ወደ መስጊድ፣ ከመስጊድ ወደ ቤቱ። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ሲያገኝ ኮፍያውን የሚያነሳ፣ «እንዴት ዋሉ?» የሚል። «ወላሂ ፍሬኑ ደህና ነው፤ ሰውየው ሰክሮ ካልሆነ በስተቀር» ሲል «የሞተን ሰው አትሳደብ» አሉት። መኪናው ተጨፍልቆ ስለነበር ፍሬኑን መርምሮ ማረጋገጥ አልተቻለም። ቀጠሮ እየተሰጠ ከሁለት ወር በላይ ታሰረ። ጋራዡ ተዘጋ። ሚስቱ ምሳ ይዛ ከፊታችን ስታልፍ አያታለሁ። ብርጭቆ እያደረቅሁ አያታለሁ። እውነቱን እጽፋለሁ ብያለሁና ይኸው፦ በእነዚያ ወራት ሁሉ ሥራዬን አልለቀቅሁም፤ እንቅልፍም አላጣሁም። «አንድ ቀን ይለቁታል» እያልኩ እበላ ነበር፣ እተኛ ነበር። ሕሊና ሁልጊዜ ያሠቃያል የሚሉ ሰዎች ዋሽተው አያውቁም ማለት ነው። ሕሊና ይለመዳል።

የመለሰኝ ሕሊናዬ አይደለም፤ ልጄ ናት። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነበርን። ስመኝ ብዙ አልበላችም።

«ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ሥራ ልቀይር ነው አባባ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ቦታ አለ ብለውኛል።»

«ከነርስነት ወደ መድኃኒት ቤት? ምን ሲባል?»

«አፍንጫዬን አላምነውም» አለች። እንጀራውን ትቆራርሳለች እንጂ አትጎርስም። «የዚያን ቀን የሹፌሩ ሽታ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ነበር። እርስዎ ሻይ ነው ካሉኝ በኋላ ካርዱ ላይ አልጻፍኩም። ከዚያ ወዲህ ታማሚ ሲመጣ ሌላ ነርስ እየጠራሁ ነው የማሸትት፣ የማዳምጥ። አንድን ነገር እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆኜ ከተሳሳትኩ በሌላው በምን አምናለሁ?»

አራት ሰው ሞቶ፣ አንድ ሰው ታስሮ ያልተንቀሳቀስኩ ሰው ልጄ አፍንጫዋን ስትጠራጠር ተሸነፍኩ። ይህም ክብር አይደለም። የራሴን ስለነካ ነው።

«አልተሳሳትሽም» አልኳት።

ቀና አለች።

«ውስኪ ነው የጠጣው። እኔ ነኝ የቀዳሁለት።»

ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እጇን ታጥባ ተነሳች። ነጠላዋን ለበሰች። እናቷ «የት ልትሄጂ ነው?» ስትላት «የትም» አለች። ወደ እኔ ዞረችና «ነገ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለችኝ። ካልሄዱ አላለችም። ይሄዳሉ ወይ ብላም አልጠየቀችም።

መርማሪው ወጣት ሰው ነው። ከሰማኝ በኋላ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሁለት ብርጭቆ ውስኪ ልምድ ያለውን ሹፌር ያን ያህል ያናጋዋል? መካኒኩን ለማስፈታት ብለው እንዳይሆን!» አለኝ። ማመን አቃተው። የሰማሁት የራሴን ውሸት ነው፤ ሥር ሰዷል። ስመኝን ወደ ሆቴሉ ልኬ አንድ የሻይ ብርጭቆና መለኪያዬን አስመጣሁ። የሻይ ብርጭቆውን በጣቢያው ውሃ እስከ አፉ ሞላሁና ጠረጴዛው ላይ በመለኪያ መቅዳት ጀመርኩ። አንድ። ባዶ ጣሳ ውስጥ ደፋሁት። ሁለት። ሦስት። አራት። ጥቂትም ተረፈ።

«ይህ አንድ ነው» አልኩት። «ጌታሁን ሁለት ጠጣ።»

መርማሪው ጣሳውን አየ። ከዚያ አዲስ ወረቀት አወጣ። ስመኝም ያሸተተችውን፣ ለምን እንዳልጻፈችውም ጭምር ተናግራ ፈረመች። እንድትወቀስ ያደረግሁት እኔ ሆኜ ሳለ እሷም በመሥሪያ ቤቷ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት።

ኢድሪስ ተፈታ። እኔ ሐሰተኛ ቃል በመስጠት ተከሰስኩ፤ አምኜ ስለቀረብኩና ዕድሜዬ ስለገፋ የእስራቱን ቅጣት በገደብ አደረጉልኝ። ወይዘሮ አስካለም ተጠይቃ መቀጮዋን ከፈለች፤ በሻይ ብርጭቆ መጠጥ ማቅረብም ቀረ። እኔን አላባረረችኝም፤ እኔ ነኝ የነጠላ ቁራጬን ባንኮኒው ላይ ትቼ የወጣሁት። ጡረታ የምለው ይህን ነው። የጡረታ ደብተር የለኝም።

አበጀ ለክሱ ምስክር ሆኖ ከጎጃም ተመልሶ መጥቶ ነበር። ከችሎት ስንወጣ ግቢው ውስጥ ጠበቀኝ። ሊመታኝ መስሎኝ ቆምኩለት።

«እኔ እኮ ጠይቄዎት ነበር» አለኝ።

«ጠይቀኸኛል።»

«ባልጠይቅ ደግ ነበር። ለእናቴ አልጠየቅሁም ነበር እላት ነበር።»

አንቱ ማለቱን አልተወም። ሄደ።

ወደ ኢድሪስ ጋራዥ የሄድኩት ከተፈታ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ይቅርታ ልጠይቀው። መኪና ሥር ተኝቶ ነበር፤ እግሩን ብቻ አየሁት። ስሜን ስናገር እግሩ መንቀሳቀሱን አቆመ። ከመኪናው ሥር ግን አልወጣም። ያሰብኩትን ሁሉ ለእግሩ ተናገርኩ። ስጨርስ ከሥር ድምፁ መጣ።

«ልጄ እግር ተክሎ ሲሄድ አላየሁትም። እስር ቤት ሆኜ ነው የነገሩኝ። ይህን መመለስ ትችላለህ?»

«አልችልም።»

«እንግዲያስ ሂድ።»

ድሮ አንቱ ይለኝ ነበር። አላንዛዛሁም። ሄድኩ።

በኋላ ከሰው እንደሰማሁት ኢድሪስ አንድ ልማድ አምጥቷል። ፍሬን የሠራለትን መኪና ቁልፍ ለሹፌሩ ከመስጠቱ በፊት «እስቲ ተንፍስ» ይለዋል። ሹፌሮቹ ይስቁበታል፤ የሚቆጡም አሉ። «መካኒክ ነህ ወይስ ትራፊክ?» ይሉታል። ጥቂቶቹ መኪናቸውን ወደ ሌላ ጋራዥ ወሰዱ። እሱ ግን አልተወም።

አንድ ጠዋት ስመኝ የእሱን መልእክት አመጣችልኝ። እሷ ከነርስነቷ አልወጣችም። የኢድሪስ ሚስት ልጇን ስታስከትብ ነው የነገረቻት። ስሄድ በሩ ላይ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ነበር። እንድገባ አላለኝም።

«እኔ ሽታውን አላውቀውም» አለኝ። «ጠጥቼ አላውቅም፤ ከጠጣ ሰው ጋር ተቀምጬ አላውቅም። ቢራ ይሁን አረቄ ይሁን ውስኪ ይሁን አይለይልኝም። ትላንት አንዱ ማስቲካ አኝኮ አታለለኝ። አንተ ይህን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ጠዋት ጠዋት ና።»

ስለ ይቅርታ አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

አሁን ከበሩ በስተግራ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ይተነፍስልኛል። ማስቲካ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ የማይሞክሩት የለም። ዕድሜዬን ከጠጪ ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና አያመልጡኝም። «ጋሽ ታደለ፣ ድሮ ትቀዳልን ነበር፣ ዛሬ ታሸትተን ጀመርክ!» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለቱን መልሻለሁ፤ አንደኛው ቀትር ድረስ ጥላ ሥር ተኝቶ ሲነቃ ሳይሰድበኝ ሄደ።

አዲስ ሆቴል ለምትከፍቱ የምላችሁ ይኸው ነው። አጭሩን፣ ሰፊውን፣ ታቹ ወፍራም የሆነውን ግዙ። ሰው መደበቅ ከፈለገ መጋረጃ ስቀሉለት፤ መጋረጃ ከሌላችሁ ይለፋችሁ። ሌላ ቤት ይሂድ።

ከኢድሪስ ጋር ሰላምታ የለንም። ሹፌሩን አሽትቼ «ንጹሕ ነው» ስለው ቁልፉን ወዲያው አይሰጥም። በእጁ ይዞ ፊቴን ያያል።

«እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል።

«ንጹሕ ነው» እላለሁ ሁለተኛ።

ከዚያ ወደ ሹፌሩ ይዞርና «ጠጥተሃል?» ብሎ ራሱ ይጠይቀዋል።